የሃምሳ ሰርግ ካሜራ

እኛ ቤት መማል ክልክል ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበሩ ከአዎና ከአይደለም በላይ እንዳንጨምር አድርገው ነው ያሳደጉን። እኔ ግን ዛሬ ልምል ነው፤ ካልማልኩ ማንም አያምነኝም። ሆሳዕና መናኸሪያ ገብታችሁ ሽብሩን ብትጠይቁ «የትኛው ሽብሩ፣ ቀዳዳው?» ይሏችኋል። እሱ ነኝ። ሾፌሩን እንቅልፍ ወስዶት፣ ወልቂጤ ድረስ ሳይነቃ በሰላም ገባን ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። ለአንዲት ዶሮ ትኬት ተቆርጦላት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ሄደች ያልኩትም እኔው ነኝ። እነዚያ ከራሴ ናቸው። ይሄኛው ግን፣ በእናቴ መቃብር፣ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ሚስቱን ቀኑን ሙሉ በካሜራ ሲያነጣጥርባት ውሎ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነሳት የቀረ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው የእህቴ ባል ነው፤ ሚስቱም እህቴ።

ነገሩ የሆነው በ2002 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ምርጫው አልፏል፣ ፖስተሩ ግን ዝናብ እያሟሟው መናኸሪያው ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ነበር። እኔ ያኔ እዚያ ተሳፋሪ እጠራ ነበር፤ ባዶ አውቶቡስ በር ላይ ቆሜ «አዲስ አበባ፣ አንድ ሰው የቀረው» እላለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ የሆመቾ ሚኒባስ ገባና እትዬ ገነቴ ከባሏ ጋር ወረደች። ባሏ ጋሼ ዕንባቆም ሆመቾ የሒሳብ አስተማሪ ነው። እህቴ ከወረደች በኋላም የሚኒባሱን በር አልለቀቀችም፤ አንድ እጇ በሩ ላይ፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ ሆኖ ትንሽ ቆመች። ሆዷ ውስጥ እብጠት አለ ተብሎ ለአዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎላታል። ስምንት ሰዓት በሚወጣው አውቶቡስ ልትሄድ ነው። አዲስ አበባ የምትኖረው የዕንባቆም እህት ጵርስቅላ ልትወስዳት መጥታ መናኸሪያው ውስጥ እየጠበቀች ነበር። እሱ ራሱ ፈተና እንዲያስፈትን ስለተመደበ የሚከተላት ከሳምንት በኋላ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ግን አንድ ጉዳይ ነበራቸው፤ ካሜራ መግዛት።

የሚኒባሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ሆኖ ሻንጣ እያወረደ ለሌላው ረዳት «ሚስቱ በሞት አፍ ላይ ናት፣ እሱ ካሜራ ሊገዛ ነው አሉ» ሲል ሰማነው። መንገዱን ሙሉ ሲወራ ነው የመጣው መሰለኝ። ጋሼ ዕንባቆም አንገቱን ደፋ። እትዬ ገነቴ ግን ቀና ብላ አየችው።

«ወንድሜ፣ ዕቁቡ የኔ ነው» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ሦስት ዓመት ቆጮ ሸጬ የጣልኩት ነው። ለሕክምናው ቤተሰብ አዋጥቶልኛል። በራሴ ዕቁብ በሽታ አልገዛም።»

ረዳቱ የሰው ሻንጣ ለሌላ ሰው አወረደ።

እናንተም እንደ ረዳቱ እንዳታስቡ የሰርጋቸውን ነገር ልንገራችሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ሲጋቡ ከሆሳዕና ፎቶ አንሺ ተከራይተው ነበር፤ ባለ ፊልም ካሜራ የያዘ። ሰውየው ሠላሳ ስድስቱንም ፎቶ አንስቶ እንደጨረሰ አንዲት ባልቴት «ልጄ፣ ምስሉ የት ላይ ነው የሚቀመጠው?» ብለው ጠየቁት። ትሑት ሰው ነበር መሰለኝ፣ የካሜራውን ጀርባ በጠራራ ፀሐይ ከፍቶ አሳያቸው። አንድም ፎቶ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ እህቴ ከባሏ ጋር በተጋጨች ቁጥር የክርክሩ ማሳረጊያ «መጀመሪያ የሰርጌን ፎቶ አምጣ» ነበር። ጋሼ ዕንባቆምም ጀርባው ቢከፈት የማይቃጠል ካሜራ መጥቷል ሲባል ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ ሊያነሳ፣ ደመወዙን ሊደጉም አስቧል። ከሁሉ በፊት ግን ገነቴን ሊያነሳት ነበር። ይህንን በሀዲይኛ ሲነግራት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለዚህም ነው የሰማይ ቀለም ያለውን ቀሚሷን አጥባና አጣጥፋ በፌስታል የያዘችው።

የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴው የሪያድ ሱቅ ከገበያው በላይ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት። ከጣሪያው ቻርጀር እንደ ሽንኩርት ተንጠልጥሏል፣ መሬቱ ላይ ሪሲቨርና የጄኔሬተር ካርቶን ተደርድሯል፣ ከመስታወቱ ሥር ሞባይሎች ተኝተዋል። በሞባይሎቹ መካከል ሁለት ካሜራ ነበር። አንዷ ትንሽ፣ ብርማ፣ ከነላስቲኳ ያለች፤ አሥራ አራት ሜጋ ፒክስል፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር። ሌላው ትልቅ፣ ጥቁር፣ ሌንሱ የሚፈታ፣ ከዱባይ የመጣ፤ አሥር ሜጋ ፒክስል፣ ዘጠኝ ሺህ ብር። ጋሼ ዕንባቆም መነጽሩን አውልቆ ጠራረገ፣ ሁለቱንም ቁጥር ደግሞ አነበበ፣ ከዚያ እንደተሰደበ ሰው ቀና አለ።

«አሥራ አራት ከአሥር ይበልጣል» አለ።

«ይበልጣል፣ መምህር።»

«ታዲያ የሚበልጠው ለምን ረከሰ?»

ሪያድ ሳቀ። ለሁሉ የሚስቀው ሳቅ ነው፤ ለገዛውም ላልገዛውም። «መምህር፣ ክፍልዎ ውስጥ ስንት ተማሪ አለ?»

«ሰማንያ።»

«የሁሉንም ፊት ያውቁታል?»

ጋሼ ዕንባቆም አሰበ። ውሸት አይችልም። «አላውቅም።»

«ይኸው ነው። ትንሿም እንደዚያው ናት። ክፍሏ ጠባብ ነው፣ አሥራ አራት አጭቀውባታል። ይሄኛው አሥር ነው፣ ግን ክፍሉ ሰፊ ነው፤ እያንዳንዱ ብርሃን ያገኛል። ማታ ዳስ ውስጥ ቢያነሱበት የሙሽራዋን ዓይን ያዩታል።»

ጋሼ ዕንባቆም ግን አልቆረጠለትም። ትንሿን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ትልቁን አነሳ፣ በየት በኩል እንደሚታይ ጠፍቶት በተቃራኒው ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ቁልፎቹን አንድ በአንድ እያሳየ «ይሄስ?» ሲል ሪያድ ሦስቱን መለሰ፣ ለተቀሩት «እሱ አይነካም» አለ። እህቴ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ስታይ ቆየችና እጇን ዘረጋች። ትንሿን በአንድ መዳፍ መዘነቻት። ከዚያ ትልቁን ተቀበለች፤ ክብደቱ እጇን ወደ ታች ሳበው።

«ዕንባቆም፣ በዚህች ትንሿ ሰርግ ቤት ከገባህ እንግዳ መስለሃቸው ወጥ ያቀርቡልሃል» አለች። «በዚህኛው ከገባህ መንገድ ይለቁልሃል። ይሄኛው ነው።»

ካሜራ የተመረጠው እንዲህ ነው። ስንት ሜጋ፣ ስንት ክፍል የሚለው እዚያ ላይ አለቀ። ሪያድ አሠራሩን ሊያሳይ «እህቴን አንድ ጊዜ ላንሳትና እዩት» ብሎ ሲያነጣጥር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ቆይ፣ ቀሚሴን ሳልለብስ? ደግሞ የመጀመሪያውን የሚያነሳኝ እሱ ነው።» ሪያድ ካሜራውን ወደ እኔ አዞረ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ምላሴን አወጣሁ። «አንተ፣ ሰው ሁን» ብላ ትከሻዬን ገፋ ስታደርገኝ ካሜራው ቀጭ አለ። የዚያ ካሜራ አንደኛ ፎቶ የኔ ምላስ ነው።

ባልና ሚስቱ ካሜራውን በብርሃን ሊያዩት ወደ ደጅ ወጡ። እኔ ካርቶኑንና ቻርጀሩን ልቀበል ቀረሁ። ሪያድ ገመድ እየጠቀለለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ ይህ ዕቃ ውስጡ እንደ መስኮት የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር አለው፤ በእያንዳንዱ ፎቶ አንዴ ይመታል፤ ዕድሜው የተቆጠረ ነው፤ ሺህ ጊዜ ከመታ በኋላ አይሠራም፤ መምህሩን ንገራቸው። ወጣሁ። እህቴ ጵርስቅላን ልትስም ወደ መናኸሪያው ቀድማ ነበር። ለጋሼ ዕንባቆም ነገርኩት።

«ሺህ?»

«ሺህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የብፌ ጌጥ ነው።»

ወደ ሱቁ ዞሮ አየ። መልሶ ሊሰጠው ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ወደ መናኸሪያው፣ ቀስ እያለች ወደምትሄደው ወደ እህቴ ጀርባ አየ። «እንዳትነግራት» አለኝ። «እሷ ናት የመረጠችው። በሷ ምርጫ የተበላን እንዳይመስላት።» ትንሽ ተራመደና ደግሞ ቆመ። «ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ቀረ ማለት ነው። አንዱን ያንተ ምላስ በላው።»

መናኸሪያው ውስጥ ካለችው ሻይ ቤት ገባን። አራት ጠረጴዛ፣ ፕላስቲክ የተነጠፈበት፤ ቦምቦሊኖ በመስታወት ሣጥን፤ በየአምስት ደቂቃው ዕጣን አልባ የናፍጣ ጭስ በበሩ ይገባል። ጵርስቅላ አውቶቡሱ ላይ ወንበር ይዛ ተቀምጣ ነበር። እህቴ ሻይ አዝዛ ብርጭቆውን እጇን ለማሞቅ ብቻ ያዘችው። ጋሼ ዕንባቆም የሲጋራ ካርቶን ቁራጭ ላይ በእስክሪብቶ ሲያካፍል አየሁ። ለአንድ ሰርግ ሃያ ፎቶ፤ ሺህ ለሃያ ሲካፈል ሃምሳ። የገዛው ሃምሳ ሰርግ ነው ማለት ነው፤ እንዲያውም ሃምሳኛው ሙሽራ አንድ ፎቶ ይጎድለዋል፣ በኔ ምክንያት። ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተተና ካሜራውን ወደ ዓይኑ አነሳ።

«ገኑ፣ እስቲ ወደ በሩ ዞር በይ።»

ዞረች። የበሩ ብርሃን ግማሽ ፊቷ ላይ አረፈ። ለረጅም ጊዜ አያት። ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አደረገው።

«አነሳኸኝ?»

«አየሁሽ።»

«ማየቱንማ ድሮም ታየኛለህ» አለችና ሳቀች። ሳቋ ሆዷን ስላሳመማት ቶሎ አቆመችው። እኔም ሳቅኩ። አስተናጋጇ ዓለሚቱም ሳቀች። ያልሳቀው እሱ ብቻ ነው፤ ሌንሱን በነጠላዋ ጫፍ ይጠርግ ነበር።

ስድስት ሰዓት አካባቢ እህቴ ፌስታሏን ይዛ ከሻይ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው የዓለሚቱ ክፍል ገባች። ስትወጣ ቀሚሷን ለብሳለች። ቀሚሱ የዛሬ ዓመት ልኳ ነበር፤ አሁን ትከሻዋ ላይ እንደ ማንጠልጠያ ሆኗል፣ ወገቡን ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ሰብስባዋለች። ከንፈሯን ቫዝሊን ቀብታለች። ከንፈሯ ሲያበራ ሌላው ፊቷ ምን ያህል እንደደረቀ ታየ። ሄዳ በራሷ የመናኸሪያው ግድግዳ ሥር ቆመች፣ ፖስተር የሌለበትን ቦታ መርጣ። ጋሼ ዕንባቆም ተከተላት። «አገጭሽን ቀና፣ እጅሽን ልቀቂው፣ ትንሽ ወደ ግራ» ይላል፤ እሷም ትሆናለች። ተሸካሚዎቹ በመካከላቸው ላለማለፍ ጆንያ ተሸክመው ቆመው ጠበቁ። አንድ ባጃጅ ቆመ። የሆሳዕና መናኸሪያ ለአንድ ደቂቃ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱ በአንድ ዓይኑ አነጣጠረ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ሰዉ ያነሳት መስሎት እየሳቀ መንገዱን ቀጠለ። እሷ ግን የካሜራውን ቀጭታ ጠዋት ሱቅ ውስጥ ሰምታዋለች።

«አላነሳኸኝም» አለችው።

«ጉንጭሽ ሲመለስ ነው» አላት። «ድነሽ ስትመጪ። ያኔ እንደ ሙሽራ ሆነሽ ነው የማነሳሽ።»

ቫዝሊኑን በመዳፏ ጠረገችው። ከዚያ በኋላ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ስለ ካሜራው አልጠየቀችም። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ቤት አወሩ፤ የበሩ ቁልፍ ጎረቤት ጋር እንደሆነ፣ ቡላው በየትኛው ማሰሮ እንዳለ፣ ለፈተና ሲሄድ ነጩን ሸሚዝ እንዳይለብስ፣ አንገቱ ነትቧልና። እሱ ለሁሉም «እሺ» ይላል። ካሜራው ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን ተኝቷል።

አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ ደግፌ ያስገባኋት እኔ ነኝ። መወጣጫው ላይ ክርኔን ያዝ አደረገችኝ።

«ሽብሬ፣ እስቲ አንዴ እውነት ንገረኝ» አለች። «እንዲህ ሆኛለሁ እንዴ? ለፎቶ የማልሆን?»

ጋሼ ዕንባቆም አትንገራት ብሎኛል። እኔም የምችለውን አደረግኩ፣ ቀለድኩ። «ኧረ ካሜራው ነው፣ ቆንጆ ሲያይ ይደነግጣል» አልኳት። አየችኝ። ሕፃን ሆኜ ስኳር ሰርቄ ስትይዘኝ የምታየኝን አስተያየት ነው ያየችኝ። ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጋ ገባችና ከጵርስቅላ አጠገብ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ያን ጊዜ የአውቶቡሱ ረዳት «ሽብሩ፣ ያንን ሻንጣ ጫን» ብሎ ጮኸ። ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ነው ያየሁት፤ ጋሼ ዕንባቆም መስኮቱ ሥር ቆሞ ካሜራውን እንደገና ወደ ዓይኑ አነሳ። ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። እሷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ሳበችና ፊቷን ወደ ጵርስቅላ አዞረች። ዘልዬ ወረድኩ፣ አውቶቡሱ ሄደ።

ከሳምንት በኋላ ጋሼ ዕንባቆም ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ሌባ ፈርቶ ካሜራውን ሆመቾ ትቶት ነው የሄደው። ሲደርስ ለኦፕራሲዮን ልትገባ ተራ እየጠበቀች ነበር። ገባች፤ አልወጣችም። ከሆሳዕና በሄደች በአሥራ ዘጠነኛው ቀን በሳጥን ሆና በዚያው መንገድ ተመለሰች።

እኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ በትልቁ ተሠርቶ ከዳሱ ፊት ይቆማል፤ ለቀስተኛው የሚያለቅሰው እሱን እያየ ነው። ቤቱ ተፈተሸ። የሰርግ ፎቶ የለም። የተገኘው የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ የተለጠፈው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ማኅተሙ ከጆሮዋ ሥር ተነስቶ ከንፈሯ ድረስ የደረሰ። ፎቶ ቤት ወስጄ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ፊቷ በር ሲያክል ማኅተሙም አብሮ አደገ፤ በቀኝ ጉንጯ ላይ የቀበሌው ስም በሰማያዊ ፊደል ይነበባል። ከሩቅ የመጡ ሴቶች ደረት እየደቁ ወደ ፎቶው ቀርበው፣ ቆሻሻ መስሏቸው ማኅተሙን በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉላት ይሞክሩ ነበር። ጋሼ ዕንባቆም ከዳሱ ጥግ ተቀምጦ ያያቸዋል።

ከወር በኋላ ልጠይቀው ሆመቾ ሄድኩ። አንድ ክፍል ቤታቸው ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ካሜራውን ይዞ፣ ግድግዳውን ያነሳል። ሰማያዊው ቀሚስ የተሰቀለበትን ምስማር። ቀጭ። ደብተሩ ላይ ሰረዝ ያሰምራል። ቀጭ። ከትናንት ጀምሮ ነው አለኝ። ካርዱ ሲሞላ ያጠፋል፣ ባትሪው ሲደክም ቻርጀር ላይ ሰክቶ ይጠብቃል። «ምን እያደረግክ ነው ጋሼ?» ስለው «ልጨርሰው ነው» አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ መቶ ሰማንያ፣ ዘጠኝ መቶ ዘጠና። ሺህ ላይ ሲደርስ ካሜራውን ጭኑ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ፤ ሊሰናበተው መሰለኝ። ከዚያ አንስቶ ደግሞ ተጫነው። ቀጭ አለ። ሺህ አንድ። ተጫነው። ሺህ ሁለት። ምስማሩ እንደ መጀመሪያው ጥርት ብሎ ወጣ።

«ሪያድ ነው እንዲህ ያለህ?» አለኝ፣ ሳያየኝ።

«አዎ።»

«ሪያድ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

ያጠፋው ሁሉ ጠፍቶ ካርዱ ላይ የቀረ አንድ የቆየ ፎቶ ነበር፤ አሳየኝ። ምላሴን አውጥቼ። ከጎኔ፣ ትከሻዬ ላይ፣ የሴት እጅ ይታያል፤ ቀጭን፣ እስከ አንጓዋ ብቻ። በዚያ ካሜራ ውስጥ ያለችው እሷ ይህችው ናት። ጋሼ ዕንባቆም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሪያድ ሱቅ በኩል ሲያልፍ መንገድ ያቋርጣል፣ ሰላምታም አይመልስለትም። ሪያድ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ እስከ ዛሬ «መምህሩ ምን ሆኑብኝ?» እያለ ይጠይቀኛል።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በእናቴ መቃብር ምያለሁ፣ ከላይ ካወራሁት ውስጥም አንዲት ነገር ከራሴ ናት። ሪያድ ካሜራው የተቆጠረ ዕድሜ እንዳለው ነግሮኛል፤ እሱ እውነት ነው። ያለኝ ግን መቶ ሺህ ነው። «መምህሩን አይሳሱ በላቸው፣ እንደ ልባቸው ቢያነሱበት አይጨርሱትም» ነው ያለኝ። ሁለቱን ዜሮ የቀነስኩት እኔ ነኝ፤ ከሱቁ በር እስከ ጋሼ ዕንባቆም ባሉት አምስት እርምጃዎች ውስጥ። እውነቱን ልነግረው ያሰብኩት ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ነበር፣ እሷ ፊት፤ ትስቃለች ብዬ።